የሚያምኑት ሰው ስልክ ቁጥር

በአንድ ወቅት ጨው በር በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ እታፈራሁ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። አሁን የምትሰሙትን ለእናቷ አልነገረችም፤ ለንስሐ አባቷም አልነገረችም። ብዙ ጊዜ ልትናገር አፏን ከፍታ፣ ስለ አየሩ አንድ ነገር ብላ ዘግታዋለች። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ ስሙላት። ፍርዱ የእናንተ ነው፤ እሱ ግን መጨረሻ ላይ ይደርሳል።

እታፈራሁ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። መጻሕፍት ትመዘግባለች፤ የተቀደዱትን ትለጥፋለች። ዲግሪዋን ይዛ ጨው በር ስትመደብ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ይህ ነገር ሲደርስባት ሠላሳ ስምንት ሞልቷታል። በከተማው ዘመድ የላትም፤ የምትኖረው አንድ ክፍል ቤት ተከራይታ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ገብታ ሰኞ ጠዋት እስክትወጣ ድረስ ከማንም ጋር ሳትነጋገር የምትቆይበት ጊዜ ብዙ ነበር። ሰኞ የመጀመሪያዋን ቃል ስታወጣ ድምፅዋ ይሻክራል። ጉንፋን ነው ትላለች።

ሥራ በጀመረች በሦስተኛው ዓመት፣ ከጎኗ የምትቀመጠው ብዙአየሁ "ለመሆኑ ሰው አለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ብዙአየሁ ተጫዋች ናት፤ ስትጠይቅ ቤቱ በሙሉ ይሰማል። እታፈራሁ ደንግጣ "አለ" አለች። ስሙ ማነው? አስናቀ። ሥራው? ድልድይ ይሠራል፣ ሩቅ አገር። ታዲያ ሲደውል ሰምተን አናውቅም? መጻፍ ነው የሚወደው፣ አለች እታፈራሁ፤ ፊቷ በርበሬ መሰለ።

በዚያው ሳምንት ሁለተኛ ሲም ካርድ አወጣች። ስልኳ ሁለት ሲም የሚይዝ ነበር። በአንዱ ቁጥር የእሷን፣ በሌላው የአስናቀን የመልእክት አካውንት ከፈተች።

ሰባት ዓመት እንዲህ ኖረች። ጠዋት ከቤት ሳትወጣ የአስናቀን መልእክት ጽፋ፣ በአራት ሰዓት እንዲላክ ሰዓቱን ትሞላለች። በአራት ሰዓት ስልኩ ጠረጴዛዋ ላይ ሲጮህ ብዙአየሁ "ሰውዬሽ ነቃ" ትላለች። እታፈራሁ እያንዳንዱን ቃል በቃሏ ታውቀዋለች፤ ግን ባነበበች ቁጥር ደረቷ ይሞቃል። የሐይቁ ነፋስ እንዳይመታሽ ሹራብ ደርቢ፤ ምሳሽን ሳትበዪ እንዳትውዪ። ማታ ደግሞ በራሷ ቁጥር ውሎዋን ትጽፍለታለች። አንድ ጊዜ ብዙአየሁ "ይኼ ሰው አይጣላሽም እንዴ?" ብላ ስለጠረጠረች፣ አስናቀን ለሦስት ቀን አስኮረፈችው። በእነዚያ ሦስት ቀናት የምር ከፋት፤ ምግብም አልወርድ አላት። በአራተኛው ቀን ይቅርታ ሲጠይቃት አለቀሰች።

አካውንቶቹን የከፈተች ጊዜ አንድ ጥያቄ መጥቶላት ነበር። አካውንትዎ ቢጠፋብዎ የምንረዳዎት በእሱ በኩል ነውና፣ የሚያምኑትን አንድ ሰው ስልክ ቁጥር ይጻፉ፣ ይላል። ቦታው ከአንድ ቁጥር በላይ አይቀበልም። እታፈራሁ ረጅም ጊዜ አሰበች። በመጨረሻ በእሷ ላይ የአስናቀን፣ በአስናቀ ላይ የእሷን ጻፈች። የአንዱን ሳጥን ቁልፍ በሌላው ውስጥ ቆልፋ፣ የሌላውን ቁልፍ ደግሞ በመጀመሪያው ውስጥ መቆለፏ እንደሆነ ያን ጊዜ አልታያትም።

የጨው በር ሰው ደግሞ በዋይፋይ ነገር የራሱ ልማድ ነበረው። የቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ የይለፍ ቃል ሰኞ ሰኞ መግቢያው ላይ ባለው ጥቁር ሰሌዳ በጠመኔ ይጻፋል። አላፊ አግዳሚው አንብቦ፣ ከግንቡ ሥር ተቀምጦ ይጠቀማል። የሐይቁ ነፋስ መስመሩን ሲያበላሸው የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቁጥር ጨምረው ሌላ ይከፍታሉ፤ ቤተ መጻሕፍት ሁለት፣ ቤተ መጻሕፍት ሦስት። አዲስ ስም ስልኩ ላይ ያየ ሰው ማን ከፈተው ብሎ አይጠይቅም። ተሰጥቶት ሳለ ከየት መጣ ብሎ መመርመር ነውር ይመስለዋል።

እታፈራሁ እንኳ ይህን ማወቅ ነበረባት። ስለ ኢንተርኔት ደኅንነት ሥልጠና የተላከችው እሷ ናት። በሩ ላይ የተለጠፈውን ማስጠንቀቂያ የጻፈችውም እሷ ናት፦ "በስልክዎ የሚደርስዎትን የማረጋገጫ ቁጥር ለማንም አይስጡ።" የእጅ ጽሑፏ ያምራል። ሰው ሁሉ ፊደሉን አድንቆ ያልፋል።

አንድ ማክሰኞ እንቅልፍ ጥሏት አርፍዳ ተነሣች፤ የአስናቀን መልእክት ሳትሞላ ወጣች። አራት ሰዓት ሆነ፤ አለፈ። ስልኩ ዝም አለ። ብዙአየሁ አንገቷን አስግጋ አየችና "ምነው ሰውዬሽ ዛሬ? ድልድዩ ወደቀበት እንዴ?" አለች። የሚያነቡት ሰዎች ሳቁ። እታፈራሁም አብራ ሳቀች፤ ከዚያ መጽሐፍ የምትፈልግ መስላ ከጂኦግራፊ መደርደሪያው ኋላ ተሸሸገች። ቶሎ አንድ መስመር ጽፋ ልትልክ ነበር። የሞባይል ዳታዋ አልቋል። የቤተ መጻሕፍቱ ዋይፋይ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ስልኩ ላይ ግን ቤተ መጻሕፍት ሁለት የሚል ስም አለ።

ነካችው። የቤተ መጻሕፍቱን ስም የያዘ ገጽ መጣና ስልክ ቁጥሯን ጠየቃት፤ ቀጥሎም በስልኳ የደረሳትን አምስት አኃዝ። ሰጠችው። ስህተት ነው፣ ሌላ ቁጥር ካለዎት ይሞክሩ፣ አለ። የአስናቀን ቁጥር ከነአኃዙ ሰጠችው። በገዛ እጇ በር ላይ የለጠፈችው ወረቀት ከቆመችበት አሥር እርምጃ አይርቅም ነበር። የቸኮለችው ግን ከኋላዋ የሚሳቀውን ሳቅ ዝም ለማሰኘት ነው።

ወዲያው ስልኳ፣ ሌላ ሰው ወደ አካውንትዎ ገብቷል፣ አላት። ልትመልስ ስትሞክር የገዛ አካውንቷ አስወጣት። የሰባት ዓመት ደብዳቤ፣ የጠያቂውም የመላሹም፣ በማታውቀው ሰው እጅ ገባ። አንዲት ገጽ ብትወጣ ጨው በር ያነባታል፤ ብዙአየሁ ታነባታለች። ከዚያ በኋላ በዚያ ከተማ መንገድ ላይ መሄድ እንደማትችል ታወቃት። መደርደሪያውን ይዛ ቆመች።

በመጀመሪያ የደረሱላት ጋሽ ዘውገ ናቸው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ዘበኛ። ጋዜጣ ሊያስቀምጡ መጥተው እንዲህ ሆና አገኟት።

"ምነው ልጄ?"

"ጋሼ፣ ዋይፋዩ... ያለኝን ሁሉ እየወሰደብኝ ነው።"

ምኑን አላሉም። ጋሽ ዘውገ የያዙት ስልክ ቁልፉ የሚጫን አሮጌ ነው፤ ዋይፋይ ምን እንደሆነ አጥርተው አያውቁም። ግን ማታ ማታ እየዞሩ የሚያጠፉት እሳቸው ስለሆኑ በቤቱ ያለውን ሶኬት አንድ በአንድ ያውቁታል። ከጋዜጣው መደርደሪያ ኋላ ትናንት ያልነበረ ነጭ ሳጥን ተሰክቷል፤ የኃላፊው መስሏቸው ዝም ብለው ነበር። ሄደው ከነገመዱ ነቀሉት። ነቅለውም አልተዉት፤ ወለል በሚወለወልበት ባልዲ ውኃ ውስጥ ከተቱትና አረፋ መድፈቁን እስኪተው ይዘው ቆዩ።

"ሞቷል" አሉ።

ሌባው በዚያች ሳጥን በኩል ነበር የሚገባው። ሳጥኗ ስትሰጥም መስመሩ ተቋረጠበት፤ የእሷን አካውንት ዘግቶ፣ ገብቶበት የነበረውን የአስናቀን ሊዘጋ ሲል ቆመ። ግን ኃላፊው ሳጥኗ ከክልል የተላከች አዲስ ዕቃ መሰለቻቸው። ጋሽ ዘውገን ጠርተው ለምን እንደነከሯት ጠየቁ። ጋሽ ዘውገ እውነቱን ቢናገሩ የእታፈራሁ ስም ይነሣል። "እጄን አዳለጠኝ" አሉ። ጡረታ ሊወጡ አምስት ወር የቀራቸው፣ በሃያ አንድ ዓመት አንድ ቀን ተወቅሰው የማያውቁ ሰውዬ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተቀበሉ።

ሁለተኛዋ ብዙአየሁ ናት። ባልዲውን አይታ ስትስቅ ቆይታ፣ እታፈራሁን ስታያት ሳቋን ዋጠች። ስልኳን ከእጇ ወሰደችባት። የራሷን የሞባይል ዳታ ከፍታ አጋራቻት፤ አካውንቱን ለማስመለስ ሞከረች። የሚያምኑት ሰው ጋ አኃዝ ልከናል፣ አለ ስልኩ፤ የአስናቀ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞችም ታዩ።

"ሰውዬሽ ጋ ሄዷል። ደውዪለትና ይንገረን" አለች ብዙአየሁ።

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ በእጇ የያዘችው ስልክ ጮኸ። አኃዙ የመጣው እዚያው ነበር፤ በሁለተኛው ሲም።

ብዙአየሁ ስልኩን አየችው። እታፈራሁ ወለሉን አየች። ከግንቡ ውጭ የሐይቁ ነፋስ ቆርቆሮ ያንኳኳ ነበር። ከዚያ ብዙአየሁ አኃዙን አንድ በአንድ ሞላች፤ በእታፈራሁ አካውንት ላይ ያለውን እንግዳ አስወጣችና "ገባልሽ" አለች። የአስናቀን አካውንት አልከፈተችም። መክፈት የሰው ቤት መግባት መስሏት ነው። እታፈራሁም አፍራ፣ እሱንም እዪልኝ አላለችም።

የብዙአየሁ እናት በዚያን ቀን ለዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ሊገቡ ነበር። ምናልባት ዳግመኛ ባላይሽ ብለው፣ ከመግባታቸው በፊት በቪዲዮ ፊቷን ሊያዩ ቀጠሮ ይዘዋል። ብዙአየሁ ያላት ዳታ ለዚያ ተብሎ የተቀመጠ ነበር፤ አካውንቱን በማስመለስ ላይ አለቀ። ሞልታ እስክትመለስ እናትየው ገቡ፤ ከመግባታቸው በፊት በመደበኛ ስልክ ድምፅዋን ብቻ ሰሙ። ብዙአየሁ ስትመለስ "ድምፄ ከመልኬ ይሻላል አልኳት" አለች፤ የዚያን ቀን ግን ከዚያ በኋላ አልቀለደችም።

ሦስተኛው ሌባው ነው።

በዘጠኝ ሰዓት፣ የራሷን ዳታ ከሞላች በኋላ፣ የእታፈራሁ ስልክ ጮኸ። አስናቀ ነበር፦ "ዛሬ ምሳ አልበላሽም መሰለኝ።"

እሷ አልጻፈችውም። በሰባት ዓመት ውስጥ ምን እንደሚል ሳታውቅ የከፈተችው የመጀመሪያው የአስናቀ መልእክት ይህ ነበር። እውነትም ምሳ አልበላችም። ሌባው እንደሆነ ታውቃለች፤ ማንም ካላስወጣው ከአስናቀ አካውንት ሆኖ አሁንም ቤቷ ውስጥ እንደቆመ ታውቃለች። ማድረግ የሚገባትንም ሥልጠናው ላይ ተምራለች። እንዲያም ሆኖ ጣቶቿ ጻፉ፦ "አልበላሁም።"

ለንስሐ አባቷ መናገር ያቃታት ይህ ነው። አስናቀን መፍጠሯን እንኳ አንድ ቀን ትናገረው ይሆናል። ለሌባ መመለሷን ግን አልቻለችም።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሰው ሁሉ ሲወጣ አንድ ሰው ገባ። ይልቃል ነው፤ ከመንገዱ ማዶ የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ያለው፣ ሠላሳ ዓመት የሆነው ሰው። በመስኮቱ የእታፈራሁ ጠረጴዛ ይታየዋል። ኮፍያውን አወለቀ።

"ሳጥኗ የእኔ ነበረች" አለ።

እታፈራሁ ስልኳን ወደ ራሷ ሳበች።

የሰው አካውንት ሰብስቦ በባለቤቶቹ ስም ለሚያጭበረብሩ ሰዎች አሳልፎ ሊሰጥ እንደነበር ነገራት። በእሷ ጀመረ። በአስናቀ በኩል ያለውን ደብዳቤ ሁሉ ገልብጦ ማንበብ ያዘ።

"ማንበብ የጀመርኩት ለመሳቅ ነበር" አለ። "ሳቄ የቆመው እሱ ያኮረፈ ጊዜ ነው። በአራተኛው ቀን ይቅርታ ሲጠይቅ። የጠየቁት እርስዎ፣ ይቅር ያሉትም እርስዎ።"

በወረቀት የተጠቀለለ ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የገለበጠው ሁሉ እዚያ ላይ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለውም። በወረቀቱ ላይ ሙሉ ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ጽፏል። ፖሊስ ጋ ቢሄዱ ማን ነው ብለው እንዳይቸገሩ ነው፣ አላት። ከዚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ እያየችው ከአስናቀ አካውንት ወጣ።

"ከእንግዲህ ከእሱ የሚመጣልዎት መልእክት የእርስዎ ብቻ ነው" አለ።

ይልቃል ያለው ነገር እንደከበደው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ስለዚህ እንደ ባለሙያ መናገር ጀመረ። ማን እንደከፈተው በማይታወቅ ዋይፋይ የግል ነገር አይክፈቱ፤ ለእሱ የራስዎን ዳታ ይጠቀሙ። የሚላክልዎትን አኃዝ የትኛውም ገጽ ላይ አይሙሉ። ከአኃዙ ሌላ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት የይለፍ ቃል ይጨምሩ። በየጊዜው ማን ገብቶ እንዳለ ዝርዝሩን ይዩ።

"የሚያምኑት ሰው በሚለው ቦታ ደግሞ እውነተኛ ሰው ያስገቡ።"

"ማንን?" አለች እታፈራሁ፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

ይልቃል ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት እታፈራሁ የአስናቀን መልእክት ሳትጽፍ ከቤት ወጣች። ጋሽ ዘውገ በሩ ላይ እንደ ወትሮው "እንደምን አደርሽ ልጄ" አሏት፤ ሌላ ነገር አልጠየቋትም። ከራሳቸው በላይ የማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ የማስጠንቀቂያቸው ደብዳቤ ተለጥፏል። ብዙአየሁ ቀድማ ገብታለች። እናቷ በአንድ ዓይናቸው ብርሃን ለይተዋል፤ በሌላው ገና አልታወቀም። እታፈራሁን ስታይ፣ የሚያነቡት ሁሉ እንዲሰሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ "አስናቀ ደኅና አደረ?" አለች፤ ዓይኗን ግን ከቦርሳዋ ውስጥ አላወጣችም። እታፈራሁ ይህ ከለላ ይሁን ቀልድ መለየት አልቻለችም። በመስኮቱ ማዶ የይልቃል ቤት ተከፍቷል። ማሽኖቹ ጠፍተዋል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ አንዲት ትንሽ ሻንጣ እግሩ ሥር አድርጎ፣ ፖሊስ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጧል።

አራት ሰዓት ሆነ። ስልኩ አልጮኸም።

እታፈራሁ ዋይፋዩን ዘጋች፤ በራሷ ዳታ አካውንቷን ከፈተች። ማንም የማያውቀው የይለፍ ቃል አስገባች። ዝርዝሩን አየች፤ ከእሷ በቀር ማንም የለም። ከዚያ የሚያምኑት ሰው በሚለው ቦታ ለሰባት ዓመት የቆየውን የአስናቀን ቁጥር አጠፋች። ባዶው ቦታ አንድ ቁጥር ይጠብቃል፤ ከአንድ በላይ አይቀበልም።

ሦስት ቁጥሮች አሏት። የጋሽ ዘውገ በተረኞች ዝርዝር ላይ አለ፤ የብዙአየሁን በቃሏ ታውቀዋለች፤ የይልቃል ፍላሹ የተጠቀለለበት ወረቀት ላይ ነው። ጋሽ ዘውገ ምን እንደምትደብቅ ሳያውቁ ስለ እሷ ስማቸውን አጎደፉ፤ ዛሬም አያውቁም፤ ቢያውቁ ምን እንደሚሉ ማንም አያውቅም። ብዙአየሁ አወቀች፣ እናቷ ፊቷን የሚያዩበትን ዕድል ከፈለች፣ ዝምም አለች፤ ግን እታፈራሁን ከመደርደሪያው ኋላ የላካት የዚያችው የብዙአየሁ ሳቅ ነው። ይልቃል ሰረቃት። ግን ሰባቱን ዓመት እስከ መጨረሻው አንብቦ ፊቷ ቆሞ ያወቀውን የነገራት፣ ራሱንም በእጇ የጣለ እሱ ብቻ ነው። ምሳ አለመብላቷን ያየም እሱ ብቻ ነው።

እታፈራሁ ዜሮ ጻፈች፤ ቀጥላ ዘጠኝ ጻፈች። እስከዚህ የሦስቱም ቁጥር አንድ ነው። ጣቷ ከዘጠኙ ኋላ ቆመ።

እናንተ ይህን ታሪክ የሰማችሁ፣ ቀጥሎ የሚጻፈው አኃዝ የማን ይሁን?